ያልመረመርነውን ስም አንጻፍ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራችሁን የምትወጡ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ነገ ማለዳ የዝንብ መያዣ መረባችንን ይዘን ወደ ወንዙ ዳር እንወርዳለን። አዘጋጆቹ ስለ መሣሪያና ስለ ጥንቃቄ እንድናገር ጠይቀውኛል፤ እናገራለሁም። ነገር ግን ካለፈው የመስክ ጉዞ ጀምሮ በሆዴ የሚመላለስ አንድ ጉዳይ አለ። እርሱን ውጬ ስለ መረብ እጀታ ባወራ ለእናንተም ለራሴም ታማኝ አልሆንም።

ያንን ቀን አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ረፋዱ ላይ ደመናው ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ውኃው ዳር ያለው ትልቁ ድንጋይ ላይ ዝንቦች መሞቅ ጀመሩ። አንዷ ግራጫ ነበረች፤ ደረቷ ላይ ሦስት ጥቁር መስመሮች ቁልቁል ወርደዋል፣ ሆዷ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ብርማ ነው። አንድ ባልደረባችን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት። መተግበሪያው ወዲያው ስም አወጣላት፦ ሳርኮፋጋ ካርናሪያ፣ ሳርኮፋጋ ከሚባሉት የሥጋ ዝንቦች አንዷ ዝርያ። ስሙ ተጻፈ። ማታ የዕለቱ ዝርዝር ሲነበብ ተነበበ፤ ተጨበጨበለትም። ዝርዝሩ ተባዝቶ ተሰራጨ። ከወራት በኋላ ሌላ ቡድን የአካባቢውን ዝንቦች ሲመዘግብ፣ እኛን ምንጭ አድርጎ ያንኑ ስም ደገመው።

በዚያው ረፋድ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዕድሜ የሁላችን ታናሽ የሆነችው አባላችን ሁለት ግራጫ ዝንቦች በመረቧ ይዛ ነበር። ማንም ልብ አላላትም። እያንዳንዳቸውን በየብልቃጣቸው ከታ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የራሷን ስም በእርሳስ ጽፋ ወረቀቱን አብራ አስገባች። በእርሳስ የጻፈችው ቀለም በአልኮል ስለሚለቅ ነው። ማታ እኛ ዝርዝር ስናነብ እርሷ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጣ ነበር። ወንዱን በጎኑ አስተኛችው። ሰውነቱ ሳይደርቅ በቀጭን መርፌ የሆዱን ጫፍ ገለጠችና የመራቢያ አካሉን ቀስ አድርጋ ወደ ውጭ ሳበችው። ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ፣ ጫፉ የተጠማዘዘ ነገር ነው። በሳርኮፋጋዎች ዘንድ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ዋናው ማስረጃ ይህ የወንዱ አካል ነው፤ መስመሩና ዳማው የብዙዎቹ የጋራ ልብስ ነው። በመለያ መጽሐፉ ካሉት ሥዕሎች ጋር ደጋግማ አስተያየችው። ሳርኮፋጋ ካርናሪያ አልነበረም። ሁለተኛዋ ሴት ስለነበረች፣ «ሳርኮፋጋ፣ ሴት፣ ዝርያዋ ያልተለየ» ብላ ጻፈች። ከጎኗ ቆሜ አይቻለሁ።

ይህን ስናገር፣ «ፎቶ የተነሳችው እኮ ሌላ ዝንብ ልትሆን ትችላለች» ያለኝ ሰው ነበር። አዎ፣ ትችላለች! የምጮኸውም ለዚሁ ነው። ያንን ፎቶ ይዞ ስሙን ማረጋገጥ የሚችል የለም፤ ማስተባበል የሚችልም የለም። ዝንቧ በርራ ሄዳለች፣ ስሙ ግን በወረቀት ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ለአንዲት ዝንብ ስም ይህን ያህል?» ለሚሉም መልስ አለኝ። የወባ ትንኝ ባለ ሁለት ክንፍ ናት፤ ከዝንቦች ወገን ናት። አኖፌለስ ጋምቢዬ ተብላ በአንድ ስም ስትጠራ የኖረችው ትንኝ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በማዳቀል ሙከራ ስትፈተሽ በመልክ የማይለዩ የበርካታ ዝርያዎች ስብስብ ሆና ተገኘች። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሰውን የሚያሳድዱ ዋና የወባ አስተላላፊዎች ናቸው፤ ሌላዋ ደግሞ ከብትን ትመርጣለች፣ በወባ አስተላላፊነትም አትታወቅም። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ የሚረጭ ሰው መድኃኒቱን የሚያባክነው በማይመለከታት ትንኝ ላይ ሊሆን ይችላል። የፍርድ ቤቱን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። አንድ ሰው መቼ እንደሞተ ለመገመት ባለሙያዎች በሬሳው ላይ የተገኙትን እጮች ዕድሜ ያሰላሉ። ብዙዎቹ የሬሳ ዝንቦች እንቁላል ሲጥሉ ሳርኮፋጋዎች ግን የተፈለፈለ እጭ ነው የሚጥሉት፤ የእድገቱም ፍጥነት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ስሙ ከተሳሳተ ሰዓቱ ይሳሳታል። ሰዓቱ ከተሳሳተ ንጹሕ ሰው ሊጠረጠር ነው!

ፎቶን አልቃወምም። ትክክለኛው የአካል ክፍል ከታየ ፎቶ ብቻውን የሚበቃባቸው ዝንቦች አሉ። ንብ የምትመስለው የአበባ ዝንብ፣ ኤሪስታሊስ ቴናክስ፣ ዐይኗ ላይ ሽቅብ የቆሙ ሁለት የጠቆረ ጠጉር መስመሮች አሏት፤ ከፊት ለፊት ተጠግቶ ያነሳት ሰው ስሟን በድፍረት ይጻፍ። ከጀርባ፣ ከሩቅ፣ ቅጠል ጋርዷት ያነሳት ግን «የአበባ ዝንብ» ብሎ ይቁም። የአበባ ዝንቦች ብቻ 6,000 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ ስም የተሰጣቸው ዝንቦች በሙሉ ከ150,000 ይበልጣሉ። በዚህ ሁሉ መካከል «እስከ ወገኑ ድረስ ለይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍረው ከየት መጥቶ ነው? ማነው አሳፋሪ ያደረገው? እኛው ነን፤ ረጅም ዝርዝር ላመጣ እያጨበጨብን፣ አንዲት ዝንብ በትክክል የለየችውን ልጅ ስሟን እንኳ ሳንጠራ ያለፍን እኛው ነን!

ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም ይባላል። ያልተመረመረ ስምም እንዲሁ ነው፤ መቶ ቢደረደር አንድ ማስረጃ አይወጣውም። ስለዚህ ኮሚቴውን በይፋ እጠይቃለሁ፦ ከነገ ጀምሮ በዝርዝራችን ከእያንዳንዱ የዝርያ ስም አጠገብ በምን እንደተለየ ይጻፍ። በፎቶ ከሆነ የትኛው አካል ታይቶ፣ በናሙና ከሆነ ማን መርምሮት። ያለፈው ዓመት ስምም እርማት ይውጣለት፤ ለደገመው ቡድንም ደብዳቤ ይላክ።

አሁን ስለ ነገ በአጭሩ። መረቡን አበባው ላይ ስትጥሉ የከረጢቱን ጫፍ ወደ ላይ ያዙት፤ ዝንብ የምታመልጠው ወደ ብርሃን፣ ሽቅብ ነው። ሥጋቸው ለስላሳ የሆኑትን ጥቃቅኖች 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ፣ ጠንካሮቹ በመርፌ ይሰካሉ። ከዛፎቹ ሥር የማሌዝ ወጥመድ ተክለናል። ስዊድናዊው ረኔ ማሌዝ በ1934 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው፣ ድንኳን መሳይ የሆነው ነው፤ ገመዱን እንዳትረግጡ። ከአንድ ዝርያ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትግደሉ። ውኃ ያዙ።

ማታ ማይክሮስኮፑ ጋ እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ። ብልቃጣችሁን አምጡልኝ፤ ሴት ብትሆን፣ ክንፏ ቢቀደድም አብረን እናያለን። ቦታና ቀን ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ግን፣ የማንም ይሁን የማን፣ አልከፍተውም።

አመሰግናለሁ።