በሶብላን ለበርበሬ ብቻ?

በድሬዳዋ ከተማ ለጓሮ አትክልት ጀማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት በዚህ ብርጭቆ ውኃ ላይ የበሶብላ ዘር በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ በትኛለሁ። እስክጨርስ ድረስ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ፤ እንመለስበታለን።

በሶብላን የማያውቅ እዚህ የለም። በርበሬ ሲደለዝ፣ ሽሮ ሲዘጋጅ፣ ቅቤ ሲነጠር ከኮሰረቱና ከኮረሪማው ጋር ስሙ ይነሳል። እርጥብ ቅጠሉን ቀጥፎ የበላ ግን ስንት ሰው ነው? እኔ ራሴ ጎልማሳ እስክሆን ድረስ በሶብላ ማለት ከቀፊራ ገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚመጣ ደረቅ የአበባ ዘለላ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከተማችን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ከሐዲዱ ጋር አረቡም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም መጣ፤ ሁሉም በየአገሩ ይህን ተክል ወይም ዘመዱን ያውቀዋል። አረቡ ሬይሃን ይለዋል። ቃሉ በቁርኣን በአር-ራህማን ሱራ ላይ አለ፤ እዚያ ግን መዓዛማ ተክልን ሁሉ ያካትታል። ሕንዱ ቱልሲ የሚባለውን የቅርብ ዘመዱን በግቢው መካከል ተክሎ ያከብረዋል። ግሪኩ ስሙን «ንጉሣዊ» ከሚል ቃል አወጣለት። በትውፊታቸውም ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችው በሶብላ በበቀለበት ቦታ ነው፤ በበዓሉ ቀን ካህናቱ ለምእመናን ያድሉታል። እኛ የዕጣኑን ጢስ ተከተልን፣ እነርሱ የቅጠሉን ሽታ። እንግዳ ነው እንዳንል ደግሞ ምች ሲመታን ጨምቀን የምናሸተው ዳማከሴ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ወደ አፈሩ እንምጣ። በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ብርድ ይገድለዋል። ከፍ ብላ የተቀመጠችው የሐረር ሌሊት ያዘገየዋል፣ የእኛ ሙቀት ግን ይመቸዋል። ዘሩን አፈር በስሱ አልብሱት፤ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ችግኙን ስታዛውሩ ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ ይሁን። ባለፈው ዓመት እኔ በቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተጣድፌ አዛወርኩ፤ ሳይመሽ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፉን ከቅጠል ጥንድ በላይ ቁረጡት። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል፤ ነገር ግን ከተቆረጠበት ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ሳይቆረጥ የቀረው ቶሎ ያብባል፤ ካበበ በኋላ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ይቀንሳል። ባለሙያ ቤት ደግሞ የሚፈለገው አበባው ነው። ስለዚህ ሁለት ማሰሮ ትከሉ፤ አንዱን ለሰላጣና ለወጥ እየቀጠፋችሁ ሌላውን ለበርበሬ እንዲያብብ ተዉት። ዘለላውን ስታደርቁ ጥላ ሥር ስቀሉት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ መዓዛው ተንኖ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ከተራ ድርቆሽ በምን ይለያል?

የተረፈውን ቅጠል ማቀዝቀዣ ውስጥ አትክተቱ፤ ይጠቁራል። እንደ አበባ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ውኃውን እየቀየራችሁ ከጠበቃችሁት ሥር ያወጣል፤ መልሳችሁ ትተክሉታላችሁ።

አሁን ብርጭቆውን ላንሳው። ከኋላ ያላችሁ ይታያችኋል? ያ ጥቁር ዘር ነጣ ያለ ልስልስ ካባ ደርቦ አብጧል። በሕንድ ከቀዘቀዘ ወተት ጋር ይጠጡታል፤ እኔ ሎሚና ስኳር ጨምሬበታለሁ። በሩ አጠገብ ለሁላችሁም ተቀድቷል፣ ዘሩም በወረቀት ተጠቅልሎ አለ። ማሰሮ የሌለው የዘይት ጀሪካን ይቁረጥ፤ ከሥሩ መብሳት እንዳይረሳ።