ሰማያዊው ሹራብ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከደሴ ነው። ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄን ይውጠዋል። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ደሴ ላይ ተጠብቆ የሚያልቅ ስላልሆነ ተውኩት። አብራችሁኝ ቻሉት።

ዛሬ ጠዋት ልጄ አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች። የወላጅ ስብሰባ ጥሪ ናት። ቅዳሜ ጠዋት 2፡30፣ ማኅተም አላት፣ አጀንዳ ግን የላትም። ወረቀቷን እንዳየሁ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። "ምነው፣ ክስ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ክስስ አይደለም። ያለፈው ዓመት ስብሰባ ትዝ ብሎኝ ነው።

ነሐሴ 2016 ነበር። የልጄ ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው፤ ስሙን አልጠራም። አዳራሽ ስለሌለው አንድ ክፍል ውስጥ፣ የ3ኛ ክፍል ልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። የወላጅ መምህር ኅብረቱ (የወመህ) ሰብሳቢው ተነሱና ስለ ዩኒፎርም ማውራት ጀመሩ። ሰማያዊው ደብዝዟል፣ ግማሹ ነጣ ያለ፣ ግማሹ ጠቆር ያለ ሆኗል አሉ። ሰልፍ ላይ ሲታይ የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ አይመስልም። ከተማው ውስጥ ሰማያዊ የሚለብስ ሌላም ትምህርት ቤት አለ፤ ልጅ ፎርፎ መንገድ ላይ ሲገኝ የማን ተማሪ እንደሆነ አይታወቅም። ምክንያቱ ሁሉ ምክንያት ነው፣ አንዱንም ውሸት ነው ማለት አልችልም።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አንዲት ልጅ ገባች። ናሙናው ተለብሶ መጣ ማለት ነው። ወይን ጠጅ ሹራብ፣ ግራጫ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ። ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታምር ነበር። አጨበጨብን።

"የሚቃወም?" ተባለ። ዝም።

"የሚደግፍ?" ክፍሉ በእጅ ተሞላ። የኔም እጅ አለበት።

ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። እናት ስል አያት ናቸው፣ ስልሳውን ያለፉ፣ ትንሽዬ ሰው። የሳቸውም እጅ ወጥቷል። ከወጣን በኋላ ቁልቁለቱን አብረን ወረድን። ጭቃው ስለሚያንሸራትት ክንዴን ያዙ። ትንሽ እንደሄድን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"የኔ ልጅ፣ በሰማያዊ መማር አይቻልም እንዴ?"

"ተለወጠ እኮ እማማ። አሁን እጅ አውጥተን…"

"እሱማ ሰው ሁሉ ሲያወጣ አወጣሁ።"

ሰው ሁሉ ሲያወጣ። እኔስ ለምን ነበር ያወጣሁት? ለአንድ ልጅ መግዛት ስለምችል ነው። ስለ ሌላው አላሰብኩም።

እሳቸው ሦስት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ከገጠር የመጡ ናቸው፤ እዚያ ትምህርት ቤቱ በግጭቱ ምክንያት ሲዘጋ አያታቸው ጋ ተላኩ። ትልቁ 8ኛ ክፍል ነው፣ ረጅም ልጅ፣ ከአያቱ በጭንቅላት ይበልጣል። ሲመጡ ዩኒፎርም አልነበራቸውም። ጎረቤት ነው ያለበሳቸው። አንዱ ሹራብ ሰጠ፣ አንዷ የልጇን ሱሪ አመጣች፣ ሌላዋ ልጇ 8ኛን ስለጨረሰ ሸሚዙን ከነቁልፉ ላከች። ሦስት ልጅ አንድ ብር ሳይወጣበት ለበሰ። ይህ ሊሆን የቻለው ሰፈሩ ሁሉ ለዓመታት አንድ ዓይነት ሰማያዊ ስለለበሰ ነው።

እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ራሴ ያደግኩት እንደዚያ ነው።

አራት ነበርን፣ እኔ ሦስተኛው ነኝ። በ1988 አንደኛ ክፍል ስገባ የለበስኩት ሹራብ መጀመሪያ የእህቴ፣ ቀጥሎ የወንድሜ ነበር። እናቴ ዩኒፎርም ስትገዛ ለዚያ ዓመት አትገዛም፣ ለሦስት ዓመት ነው። ሱሪው ሁለት ጣት ታጥፎ ይሰፋል፤ በየመስከረሙ ትንሽ ይለቀቃል። ታዲያ የተለቀቀው ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ይጠቁራል። ሱሪዬ ግርጌ ሁለት ጥቁር መስመር ነበረው። ሁለት ዓመት ለበስኩት ማለት ነው። ክፍላችን ውስጥ መስመር የሌለው ሱሪ የለበሰ ልጅ ካለ ወይ የነጋዴ ልጅ ነው፣ ወይ በኩር ነው።

ኮሌታው ሥር ደግሞ ክር ነበር። እናቴ ለየልጁ አንድ አንድ ክር ትሰፋለች፤ ለእህቴ ቀይ፣ ለወንድሜ አረንጓዴ፣ ለኔ ቢጫ። ታጥቦ ሲሰቀል እንዳንጣላ ነው። ታናሼ ጋ ሲደርስ አራት ክር ሆነ። ያ ሹራብ ዛሬም እናቴ ቤት አለ መሰለኝ። ሳጥን ውስጥ ተነጥፎ።

እና አያችሁ፣ የድሃ ቤት ዩኒፎርም ተቀማጭ ገንዘብ ነው። ሰው በሬ ገዝቶ እንደሚያቆመው ነው። ለትልቁ የወጣው ብር ታናሹ ጋ ሲደርስም ይሠራል። ቀለሙ የተለወጠ ቀን ያ ተቀማጭ ዜሮ ይሆናል። ኮሚቴው ሲያሰላ "አንድ ዩኒፎርም ይህን ያህል ብር ነው፣ ወላጅ ይችላል" ይላል። የሚጠፋው ግን የአንድ ልጅ ዩኒፎርም ብቻ አይደለም፤ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ታናሽ የሚጠብቀውም ነው። እናቴ ስብሰባው ላይ ብትኖር "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ትል ነበር።

ወደ ሰፊው ልውሰዳችሁ። ፒያሳ ዳገቱ ላይ የሚሠራ የማውቀው ልብስ ሰፊ አለ። በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ መርፌው አፉ ላይ። ለሱ እንኳ ደስ ሊለው ይገባል ብዬ "ገበያ ደራልህ" አልኩት። በእግሩ አንዱን ጥግ አሳየኝ። ሦስት ጣቃ ሰማያዊ ቴትሮን ተደግፎ ቆሟል። ክረምቱ ሲገባ ነው የገዛው። "ማን ይወስድልኛል? ለአልጋ ልብስ አይሆን" አለኝ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አስተማረኝ። "ቀለሙ ሲታወቅ ጣቃው ይደበቃል" አለኝ። ከተማው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀለም ፈላጊ ሲሆን ሻጩ ቸኩሎ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። በዚያ ላይ ጊዜውን አስታውሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው የውጭ ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀው። ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ወር ሳይሞላ 100 ብርን አለፈ። ጨርቁም ክሩም ከውጭ የሚመጣ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው ወር ውስጥ ቁጭ ብለን ቀለም መረጥን።

(እዚህ ጋ አንድ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ኮምቦልቻ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አላት። አንሶላና ፎጣው ቤታችን ገብቷል። የልጆቻችን ሹራብ ግን ባሕር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ይህ የሌላ ቀን ወሬ ነው።)

ለልጄ ሹራብ፣ ሸሚዝና ጉርድ ቀሚስ ከነማሰፊያው 2,000 ብር ገደማ ወጣብኝ። አንድ ልጅ ናት። እማማ ጋ በሦስት አባዙት። የሚሸጡት ቃሪያና ጎመን ነው። "ሹራቡን ተዉት እንግዲህ" እንዳትሉኝ። ደሴ ናት። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለቀው ያለ ሹራብ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ የባንዲራ መዝሙሩን ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ነው የሚዘምረው።

ሙስሊም ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ሻርፕም አለ። ሻርፑ ከዩኒፎርሙ ጋር መሄድ አለበት። ሰማያዊው ሻርፕ ከሰማያዊው ጋር ቀረ። ይህ ስብሰባው ላይ አልተነሳም። ግማሻችን የሻርፕ ለባሽ ልጆች ወላጅ ነን፣ ማንም ትዝ አላለውም።

ወሩንም እዩት። መስከረም! ለገበሬው መስከረም እህሉ ገና እሸት ነው። የመኸሩ አዝመራ እስከ ኅዳር ይጠብቃል። በልግ የያዘለት ደጋ ላይ ያለው በሐምሌ ትንሽ ያገኛል፣ በልግ ያልያዘለት ግን ጎተራው የሚራቆተው ያኔ ነው። ከተማ ያለነውም ዘመን መለወጫ አለብን፣ መስቀል አለብን፣ በ2017 መውሊዱም መስከረም 5 ነበር የዋለው። ደብተር አለ። መመዝገቢያ እያሉ የሚጠይቁት መዋጮ አለ። ትምህርት በነጻ ነው፣ አዎ፣ የ1986ቱ ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ አንስቷል። በሩ ነጻ ነው፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሞ ሹራብሽ የታለ ይላል እንጂ።

ይሄ ቀልድ አይደለም። መስከረም አጋማሽ ላይ ልጄ መጥታ ነገረችኝ። አንድ ልጅ ከበር ተመለሰ። አዲሱን ለብሷል እኮ። እናቱ ሌላ ሱቅ ረከስ ብሎ ያገኘችውን ገዝታ ነው፣ ወይን ጠጁ ትንሽ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ዩኒት ሊደሩ "ይህ የኛ ቀለም አይደለም" አለው። ሰማያዊው ዓይነቱ በዛ ብለን የለወጥነው ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ዓይነት ወይን ጠጅ ይዘን ቁጭ አልን።

ልጅ በዩኒፎርም ምክንያት ሲመለስ አንድ ቀን ብቻ አይደለም የሚቀረው። በማግስቱም ያፍራል። በሦስተኛው ቀን እናቱ "እንግዲያው ገበያ አግዘኝ" ትለዋለች።

ኮሚቴውን ሌባ ናቸው አላልኩም። ሰፈር ውስጥ "ኮሚሽን በልተው ነው" የሚል አልጠፋም፤ እኔ ያየሁት የለም። አሳምሬ ልሥራ ያለ ሰውም ሰውን ይጎዳል። የማማርረው አጠያየቁን ነው። "የሚቃወም?" ተብሎ በጎረቤት ፊት ይጠየቃል እንዴ? የኛ አገር ሰው እንግዳ ሲመጣበት ተበድሮ ያበላል፣ የተበደረውንም እንግዳው እንዳያውቅ ይደብቃል። ያ ሰው ቆሞ "ለልጄ ሹራብ መግዣ የለኝም" ይላል ብላችሁ ነው? ይሉኝታ ይገድለዋል። የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ እንኳ ማን እንደቸገረው የሚያውቀው ሳይጠይቅ ነው።

አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ አለች። እዚያ ከ2012 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም በነጻ ያድላል፣ ደብተርም። ስነግራት "እና ቢለወጥ ምን አለበት?" አለችኝ። እሷ ልክ ናት። እዚያ የለወጠው ሰው ነው የሚከፍለው። እኛ ጋ ለዋጩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

ይለወጥ ካሉ መለወጫ መንገድ ነበረው። በሚያዝያ ይነገር። ከ1ኛ ክፍል አዲስ የሚገቡት አዲሱን ይልበሱ፣ ሌላው ያለውን ይጨርስ። አሁን ትምህርቱ 6-2-4 ስለሆነ፣ ማለትም እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ስለሆነ፣ ልጁ 7ኛ ሲገባ ትምህርት ቤት የሚቀይርበት ቦታ አለ፣ ያኔውኑ አዲሱን ያሰፋል። ለአምስት ዓመት ያህል ሰልፉ ዥንጉርጉር ይሆናል። ይሁን! ዥንጉርጉር ሰልፍ ማንን ገደለ? ይህን ሁሉ ዛሬ ማይክ ፊት ብቻዬን ሆኜ እንደ ውኃ እለዋለሁ። ያን ቀን ዴስኩ ላይ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

በኋላ ቢሮ ሄጄ ነበር። ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ። ቃለ ጉባኤው ወጣ። "በሙሉ ድምፅ" ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ፣ የኔንም አገኘሁት። ምን ልበል? ሻይ ጋበዙኝ፣ ጠጥቼ ወጣሁ።

የእማማ ልጆች እንዴት እንደሆኑ ልንገራችሁ። ሁለቱ ትንንሾች እስከ ጥቅምት ድረስ አዲሱን አገኙ። ትንሽ እኛ፣ ትንሽ ጎረቤት፣ ሰፊው የአንዱን ማሰፊያ ተወ። ማን ስንት እንዳወጣ አልተወራም። ትልቁ ግን "እኔ ዘንድሮ ልጨርስ ነው፣ ለአንድ ዓመት ምን ያደርግልኛል" አለ። ወይን ጠጅ ሹራብ ሳይኖረው፣ በሸሚዝ ብቻ ነው ዓመቱን የጨረሰው። በር ላይ ሲጠይቁት "ታጥቦ ነው" ይላል። ዓመቱን ሙሉ ታጥቦ ነው።

ጥር ላይ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ብርዱ ቆዳ ይልጣል። እማማ ቃሪያቸውን ማዳበሪያ ላይ በትነው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ሥር ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል። የልጁ ነው፣ እጅጌው ረዝሞባቸው ሁለቴ ታጥፏል። ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማ አለ።

ዓርማውን ሳየው አዩኝ። ሳቁ።

"ተመዘገብኩ" አሉኝ። "ስንት ኪሎ ላድርግልህ?"