ከአባይ በረሃ እስከ ጮቄ፦ ምን ተሸክመን፣ ምን ለብሰን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝን ነገር ላነሳ ነው። ከመኪና መንገድና ከሱቅ ርቆ፣ ሜዳ ላይ አድሮ ለሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ቦርሳና ልብስ ይሻለዋል? እኔ ጎጃሜ ነኝ። የምመልሰውም ከማውቀው መሬት ተነስቼ ነው።

እስቲ አንድ መንገድ አስቡ። ከአባይ በረሃ እንነሳ። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንደርስ 2,400 ሜትር አልፈናል። ጮቄ ተራራ ጫፉ ላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ሂሳቡን ስንሠራው ከወንዙ ዳር እስከ ጮቄ ጫፍ 20 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ታች ላይ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ቀን፣ ላይ ላይ እረኛው በርኖሱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝበት ቀን ነው። ዝናቡ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጮቄን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ለዚህ መሬት ዕቃ ስመርጥ አንድ መለኪያ አለኝ። ዕቃው ሲበላሽ ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ያለ ልብስ ሰፊ ሊጠግነው ይችላል? ይህን ጥያቄ ያለፈ ዕቃ ለእኔ ጠንካራ ነው። ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ምንም ያህል ስመ ጥር ፋብሪካ ቢሠራው፣ የተሰበረው ክፍል ከባሕር ማዶ ካልመጣ የማይሠራ ከሆነ ጫካ መሃል ዋጋ የለውም። የማይበጠስ ዕቃ የለም። ሁሉም አንድ ቀን ይለቃል። ያን ቀን በእጃችን ባለ መርፌና ክር እንተርፋለን ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ከቦርሳው ልጀምር። ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቦርሳ ስወስድላቸው ከውጭ አያዩትም። መጀመሪያ ይገለብጡታል። ከዚያ ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ በሁለት አውራ ጣታቸው ይዘው ግራና ቀኝ ይወጥሩታል። ስፌቱ ከፍቶ ክሩ ነጭ ሆኖ ከታየ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዴ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጨርቁ ደግ ነው፤ የሰፋው ሰው ግን ቸኩሏል።»

እውነታቸውን ነው። ቦርሳ መሃል ጨርቁ ላይ እምብዛም አይቀደድም። የሚለቀው ሸክሙ የሚያርፍበት ስፌት ላይ ነው። እናንተም ሱቅ ውስጥ እንደሳቸው አድርጉ። ገልብጡት። ማንገቻው አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ መሃሉ በመስቀል ተሰፍቶ እንደሆነ እዩ። ወይ ደግሞ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ ስፌት ፈልጉ። የጨርቁ ጠርዝ በጥብጣብ ተጠቅልሎ መሰፋት አለበት። ናይለን ጠርዙ ራቁቱን ከቀረ ክሩ ይመዘዛል፤ ሲመዘዝ ስፌቱን ይዞት ይሄዳል። ባለሱቁ ቢያጉረመርም ችግር የለም። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ጨርቁን በተመለከተ «ዲኒየር» የሚባል ቁጥር አለ። 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው የሚናገረው። 1,000 ዲኒየር ናይለን ድንጋይና እሾህ የማይበግረው ነው፤ ግን ይከብዳል። ለእኛ ዓይነት ጉዞ 500 አካባቢ ያለው ይበቃል ባይ ነኝ። ለወታደርም ለሠራተኛም በሚሠሩ ቦርሳዎች ላይ «ኮርዱራ» የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ የጠንካራ ጨርቅ የንግድ ስም ነው፣ እሱ ደህና ነው። ግን ቁጥሩን አይታችሁ ስፌቱን እንዳትረሱ።

ዚፕ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚፕ ጥርሱ ሳይሆን ቀድሞ የሚያልቀው ራሱ ነው፤ ያ የምንጎትተው። አቧራና አሸዋ እየገባ ይበላዋል፤ ከዚያ ቢጎተትም ጥርሱን አይገጥምም። ራሱን መቀየር ለሰፊ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ወፍራም፣ በየገበያው ራስ የሚገኝለትን ዚፕ ምረጡ። ዋናው የቦርሳው አፍ ግን በገመድ የሚታሰርና ክዳን ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። አባቶቻችን ስልቻና አቁማዳ ሲያስሩ ዚፕ አልፈለጉም። በጠፍር ታሰረ፣ አለቀ። በአጋሰስ ተጭኖ ስንት ቀን ሄደ።

አጋሰስ ካነሳሁ አይቀር፣ ሽቅብ ስትወጡ ቦርሳችሁን በቅሎ ወይም ፈረስ ላይ የምታስጭኑ ከሆነ፣ ከውጭ የተንጠለጠለ ኪስና ማሰሪያ የበዛበትን ተዉት። መጫኛው ሲጠብቅ የውጭ ኪሱን ይፈገፍገዋል። የተንዘላዘለው ማሰሪያ ደግሞ በግራርና በቁጥቋጦ ይያዛል። ልሙጡ ይሻላል። በራሳችሁ ጀርባ የምትሸከሙት ከሆነ ደግሞ የወገብ ቀበቶው ወፍራም ይሁን። ሸክሙ ትከሻ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። ጠቅላላ ክብደቱ ከሰውነታችሁ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ውሃ አያስገባም የሚባል ቦርሳ ብዙ አትመኑ። ውስጡ የተቀባው ሽፋን ከዓመታት በኋላ ይጣበቃል፣ ይላላጣል። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ይፈጥናል። የሚያስተማምነው ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ውስጡ አስገብቶ ልብስን እሱ ውስጥ ጠቅልሎ ማሰር ነው። ርካሽ ነው። ቢቀደድም ሌላ ይገኛል።

አሁን ወደ ልብስ። እዚህ ላይ በጣም እንድትሰሙኝ የምፈልገው ነገር አለ።

ጋቢ እወዳለሁ። ቡሉኮ ደግሞ በደረቅ ሌሊት ከየትኛውም ብርድ ልብስ አላሳንሰውም። ግን ሁለቱም ጥጥ ናቸው። ጥጥ ሲረጥብ በክሩ መሃል የነበረው አየር በውሃ ይተካል። ያሞቀን የነበረው ያ አየር ነው። ከዚያ በኋላ ጋቢው ሙቀት ከመስጠት ይልቅ ከሰውነታችን ሙቀት ይወስዳል። ለመድረቅም ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። ጂንስ ሱሪም ያው ጥጥ ነው። ሰው በብርድ ለመሞት በረዶ አያስፈልገውም። እርጥብ ልብስና ንፋስ ይበቃሉ። ጮቄ ላይ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ከሰዓት ይመጣሉ።

የበግ ጸጉር ሌላ ባሕርይ አለው። ከክብደቱ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ሲነኩት ያን ያህል እርጥብ አይመስልም። ሲረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። የእሳት ፍንጣሪ ሲያርፍበት አይቀልጥም። ናይለንና ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ልብስ ግን እሳት ዳር ከተቀመጣችሁ ወዲያው ይበሳል።

ለዚህ ነው የደጋው እረኛ አለባበስ ልቤን የሚነካው። ክረምት ላይ ውስጡ በርኖስ፣ ላዩ ገሳ። በርኖሱ ከበግ ጸጉር የተሠራ ነው፤ ያሞቃል። ገሳው ከሣር የተጎነጎነ ነው፤ ዝናቡ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ንፋሱንም ይሰብራል። ዛሬ ስለ ተራራ ጉዞ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። መሃል የሚያሞቅ፣ ከላይ ዝናብና ንፋስ የሚከላከል፣ ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ልብስ። ሁለቱን እረኛው ድሮም ለብሷቸዋል። አሁን በገሳው ፋንታ ላስቲክ የሚደርቡ በዝተዋል፤ ሥራው ግን አልተለወጠም።

ታዲያ የሱፍ ሹራብ ከየት እናምጣ? ከሰልባጅ ተራ። እውነቴን ነው። አዲስ ውድ ጃኬት ከመግዛት በፊት ሰልባጁን አገላብጡ። የውስጥ ምልክቱ ከተቆረጠ በክር ትለያላችሁ። ከጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙና ወደ ውጭ ወጥታችሁ በክብሪት ለኩሷት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሹም ይጠቅማል፤ ቶሎ ይደርቃል። ከእሳት ማራቅ ብቻ ነው። ሱፉን ስትገዙ ክርኑንና ብብቱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ብል ከበላው ብርሃን ያሳልፋል።

ለቦታው የማይሆን ዕቃ ምን እንደሚያደርግ የጎጃም ታሪክ ራሱ ይነግረናል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ የጦሩን ስንቅና ጥይት የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። ግመል በረሃ ላይ የሚያህለው የለም። ወደ ጎጃም ዳገትና ቁር ሲወጣ ግን አልቻለም። ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ያ ሁሉ ብርቱ እንስሳ። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ «ጠንካራ ነው ወይ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። የት ነው የሚሄደው? በየትኛው ወር? እሱንም ጨምሩበት።

ሱሪው ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ድርብ ጨርቅ ያለው ይሁን። በረሃ ስትወርዱ ቁምጣ ያምራል፤ ግን እሾሁን አስቡት፣ ስስ ረጅም ሱሪ ይሻላል። ኮፍያ አትርሱ። ካልሲ ሁለት ቅያሪ፣ አንዱ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ፤ ለመኝታ ብቻ። የጫማ ነገር ሰፊ ስለሆነ ራሱን ችሎ ይመጣል። አሁን የምለው ሶሉ በክር የተሰፋ ጫማ ካገኛችሁ በሙጫ ከተለጠፈው አስቀድሙት። የጎጃምን ዋልካ የረገጠ ሰው ሙጫ ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቃል።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ከረጢት አዘጋጁ። ሁለት ወፍራም መርፌ፣ በሰም የታሸ የናይለን ክር፣ አንድ ትርፍ የዚፕ ራስ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ሸራ፣ ሁለት ሜትር ጠንካራ ገመድ። ክብደቷ ምንም ነው። ከቦርሳው አናት ላይ አድርጓት እንጂ ሥር አትቅበሯት፤ የምትፈልጓት ዝናብ ላይ ቆማችሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማንገቻ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ ሰፍታችሁ ሞክሩ። ወፍራም ጨርቅ ላይ መርፌ መግፋት ጉልበት ይፈልጋል፤ በጣት ብቻ አይሆንም፣ ሳንቲም ነገር ያዙበት።

ሰላሙን ያውርድልንና መንገዱ ሲከፈት ብዙዎቻችን እንገናኛለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የምትሄዱበትን ቦታና ወር ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል ስለ ጫማ ሳወራ እሱን ይዤ እመጣለሁ። ደህና ሁኑልኝ።