ወንድም ጋሼና ያ ቃል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ናርሲሲዝም፣ ራስን ከሁሉ በላይ አድርጎ ስለማየት፣ አውሪልን ካላችሁኝ ቆየ። እኔም ሳዘገየው ነበር፤ ወንድሜን ሳላነሳ ላወራው አልችልማ።

የተመረቅኩ ቀን ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ እማዬ ዶሮውን አቅርባለች። ወንድም ጋሼ "አንድ ነገር ልበል" ብሎ ተነሳ። እንዴት እንዳስተማረኝ፣ እሱ ባይኖር የት ወድቄ እንደምቀር ያወራል፣ ያወራል… እማዬ ቀስ ብላ "በል ልጄ፣ ወጡ ቀዘቀዘ" አለችው። ብርጭቆውን ቁጭ አድርጎ ወጣ። እኔ ጋዋኔን እንደለበስኩ መኪናው ጋ ቆሜ ይቅርታ ስለምነው፣ መስታወቱን እንኳን ዝቅ አላደረገልኝም። የዚያን ቀን ወሬ የእሱ ኩርፊያ ሆነ፤ ምርቃቴን ያስታወሰው የለም።

ቃሉን ከዓመታት በኋላ ሳገኘው "ይኸው እሱ!" ብዬ አለቀስኩ። እፎይ ያልኩበት ለቅሶ ነበር። ግን ቀስ እንበል። ጉረኛ ሁሉ፣ ጥሎን የሄደ ፍቅረኛ ሁሉ ናርሲስት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ናርሲሲዝምን እንደ ስብዕና መታወክ የምርመራ መመሪያው ውስጥ ያስገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ 9 መለኪያዎች አሉት፤ አድናቆት መራብ፣ ይገባኛል ማለት፣ የሌላው ሕመም አለመሰማት ይገኙበታል። ቢያንስ 5ቱ መሟላት አለባቸው፤ ያውም ከወጣትነት ጀምሮ፣ ቤትም ሥራ ቦታም። ይህን የሚለይ ባለሙያ ነው። ወንድሜ ተመርምሮ አያውቅም፤ እኔም እህቱ እንጂ ሐኪሙ አይደለሁም።

ሌላው የሚያመኝ ነገር፣ ቦርደርላይን የሚባለው ሌላ የስብዕና መታወክ ያለባቸውን ከዚሁ ጋር ደባልቆ መስደብ ነው። ሁለቱ በአንድ ምድብ ይቀመጡ እንጂ፣ ቦርደርላይን ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ጥለውኝ ይሄዳሉ በሚል ፍርሃት የሚቃጠል፣ ራሱን የሚጎዳ ሰው ነው። ደግሞም የሚረዳ የንግግር ሕክምና አለ።

ወንድም ጋሼም እኮ ውስጡ እንደ ድምፁ አይደለም። ትንሽ ቃል ያቆስለዋል። ያንን ሳውቅ አዘንኩለት፤ ግን ማዘንና መለመን ለየቅል ናቸው።

ባለፈው ፋሲካም ተነስቶ ወጣ። እማዬ ልትከተለው ነጠላዋን ስታነሳ እጇን ያዝኳት። "ተቀመጪ እማ፣ ቡናሽን ጠጪ።" እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቶናው ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ መኪናው ገና አልተነሳም። አንድ ሲኒ ቀድቼ እሱ የተነሳበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩ።