አብራሪው ደመና ውስጥ ሲገባ ጆሮው ምን ይነግረዋል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾች። ዛሬ ከሐዋሳ ሆኜ የማብራራላችሁ፣ ውጭውን እያየ በሚያበር፣ ማለትም በቪኤፍአር ደንብ በሚበር የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ላይ ሊደርሱ ከሚችሉት አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው ነው ብዬ ስለማምንበት ነገር ነው። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ነዳጁ በቂ ነው፤ አውሮፕላኑ አንዳች ጉድለት የለበትም። ነገር ግን ከፊት ስስ መስሎ የታየው ጭጋግ ይወፍርና አድማሱ ይጠፋል። አድማሱ ሲጠፋ አብራሪው መንገዱን ብቻ ቢስት ኖሮ ባልከፋ ነበር። የሚጠፋበት ላይና ታቹ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ብርጭቆ ሻይ ይበቃናል። እዚህ ከተማ ሻይ ቤት ገብታችሁ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ እዘዙ፤ ቅርንፉዷ ከላይ ስትንሳፈፍም ተመልከቱ። አሁን ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ሳታነሡ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ብርጭቆው ዞረ፤ ቅርንፉዷ ግን ባለችበት ቀረች። ማዞራችሁን ቀጥሉ፤ አታቋርጡ። ጥቂት ቆይቶ ሻዩ ከብርጭቆው ጋር መዞር ይጀምራል፤ ቅርንፉዷም አብራ ትዞራለች። በዚህ ጊዜ ቅርንፉዷ ላይ የተቀመጠች ጉንዳን ብትኖር፣ የብርጭቆውን ግድግዳ አይታ «ቆመናል» ትላለች፤ ግድግዳውም እርሷም እኩል ይዞራሉና። አሁን ብርጭቆውን ድንገት አቁሙት። ብርጭቆው ቆመ፤ ሻዩ ግን መዞሩን ቀጠለ። ጉንዳኗም ግድግዳው ወደ ተቃራኒው ሲሮጥ ታይና «ወደ ሌላ ጎን መዞር ጀመርን» ትላለች። ስትዞር ቆሜአለሁ አለች፤ ብርጭቆው ሲቆም ዞርኩ አለች።

ጆሯችንም እንዲሁ ነው። በውስጠኛው ጆሮ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና ረቂቅ ፀጉሮችን ያጎብጣል፤ አንጎልም መዞራችንን ያውቃል። ዙሩ በአንድ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ይደርስበታል፤ መልእክቱም ይቋረጣል። በሰከንድ ከ2 ዲግሪ ባነሰ ዝግታ የሚጀምር መጋደል፣ ማለትም ክንፉ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ፣ ደግሞ ከነጭራሹ ላይሰማ ይችላል።

ቀሪው ባጭሩ ይህ ነው፤ የተጋደለ አውሮፕላን አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ አብራሪው ክንፉ የተስተካከለ እየመሰለው አፍንጫውን ለማንሣት መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ መሳቡም ዙሩን ያጠብበዋል፤ አውሮፕላኑም እየዞረ ወደ መሬት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን የውጭ እይታ ከልክለው ሲፈትኗቸው፣ ሁሉም አውሮፕላኑን ከቁጥጥራቸው አወጡት፤ በአማካይ በ178 ሰከንድ ውስጥ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የዚያው ጥናት ሁለተኛ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መሪውን ሳይታገሉ በእርጋታ ዞሮ መመለስን ከተለማመዱ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈተናውን አልፈዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ያነሣችሁትን ሐሳብ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «ቁልፍ በክር አስሮ ማንጠልጠል አይቻልም ወይ? ክሩ ወደ መሬት ስለሚወርድ የቱ ታች እንደሆነ ይነግረዋል» ብላችኋል። ሐሳቡ ብልህነት ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ይገድላል። አውሮፕላን በትክክል ሲታጠፍ፣ ክብደቱና የመታጠፉ ኃይል ተደምረው የሚያመለክቱት ወደ አውሮፕላኑ ወለል እንጂ ወደ መሬት አይደለም። ስለዚህ አውሮፕላኑ 30 ዲግሪ ተጋድሎ እንኳ ቁልፉ ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ ይንጠለጠላል፤ የሰውነት ክብደትም የሚጨምረው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የትርኢት አብራሪ ቦብ ሁቨር አውሮፕላኑን በአየር ላይ እያገላበጠ ሻይ በብርጭቆ ይቀዳ ነበር፤ ሻዩም ወደ ውጭ አይፈስም ነበር። «ልምድ ያለው አብራሪ በመቀመጫው ይሰማዋል» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ይወድቃል፤ መቀመጫ የሚሰማው ቁልፉ የሚሰማውን ነው። ክርም፣ ውኃም፣ መቀመጫም ላይና ታችን አያውቁም። የሚያውቀው ሰው ሠራሽ አድማስ የተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያብራራሁበት ቪዲዮ በቻናላችን ላይ ይገኛል፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና እርሱንም ተመልከቱ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1999 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ጁኒየር ፓይፐር ሳራቶጋ የተባለ ትንሽ አውሮፕላን እያበረረ በአሜሪካ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት አቅራቢያ ሲወድቅ ደመና ውስጥ አልነበረም። ሌሊት ነበር፤ ጭጋግ ነበር፤ ከሥሩ ባሕር ነበር። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ላይና ታችን ከመሳት ጋር አያይዘውታል። ሐይቅ ላይ ለሚበር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ውኃና ጭጋግ አንድ ቀለም ሲሆኑ ደመና ሳይኖር አድማስ ይጠፋልና።

ዓለም አቀፉ የቪኤፍአር ደንብ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ10,000 ጫማ በታች 5 ኪሎ ሜትር እይታ፣ ከደመና በጎን 1,500 ሜትር፣ በከፍታ 300 ሜትር ርቀት ይጠይቃል። ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት የአየሩን ሙቀትና የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ የሚጀምርበትን ሙቀት፣ አወዳድሩ። ልዩነቱ 3 ዲግሪ ከሆነ የደመናው ሥር ከመሬት በላይ በግምት 375 ሜትር ላይ ነው፤ እየጠበበ ከሄደ ጉም እየመጣ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ በምሥራቅ በኩል የወንዶ ገነት ተራሮች የቆሙባት ከተማ ናት። ስለዚህ መሬት ለማየት ብሎ በደመናው ሥር ዝቅ እያሉ መቀጠልን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሠርግ ቢጠብቅ፣ ተሳፋሪ ቢቆጣ፣ መመለሻው ጊዜ አድማሱ ገና ሲታይ ነው።

ደመና ውስጥ ከገባችሁ ግን ዓይናችሁን ሰው ሠራሽ አድማሱ ላይ አድርጉ፤ ክንፉን አስተካክሉ፤ ሰውነታችሁ «ተጋድለሃል» ቢላችሁም አትስሙት። ከተረጋጋችሁ በኋላ፣ ዙሪያው ተራራ ካልሆነ፣ በሰከንድ 3 ዲግሪ ታጠፉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ መጣችሁበት ትዞራላችሁ። ከዚያ በሬዲዮ ስትነጋገሩት የነበረውን ጣቢያ፣ ምላሽ ካጣችሁም በአደጋ ጊዜው ሞገድ በ121.5 ሜጋኸርዝ ጥሩ፤ ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከውን መሣሪያ፣ ትራንስፖንደሩን፣ በአደጋ ጊዜው ቁጥር 7700 ላይ አድርጉ። እቀጣለሁ ብሎ ዝም የሚል አብራሪ አለና ቃሉን አሁኑኑ ተለማመዱት፦ «ደመና ውስጥ ገብቻለሁ፤ በመሣሪያ ለመብረር አልሠለጠንኩም፤ እርዳታ እፈልጋለሁ።» ተቆጣጣሪው ሌሎች አውሮፕላኖችን ከእናንተ ለማራቅና ሰማዩ ጥርት ያለበትን የቅርብ ማረፊያ ለመንገር የሚችለው ይህን ሲሰማ ነው።