ካሜራው አማርኛችንን ሰምቷል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከእሑድ ዕረፍታችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ አስተርጓሚ ነኝ። ዛሬ የማወራው እዚህ አሜሪካ ፖሊስ ደረቱ ላይ ስለሚያደርገው ካሜራ ነው። ያለአግባብ ታሰርኩ፣ ተደበደብኩ ብሎ ለሚከስ ሰው ያ ካሜራ ምን እንደሚጠቅም፣ ምን እንደሚጎዳም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ፈቅደውልኝ የምናገረው የአንድ አባት ጉዳይ አለ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ቪዲዮውን ጠበቃቸው ዘንድ ቁጭ ብለን አየነው። ፖሊሱ ክንዳቸውን ወደ ኋላ እየጠመዘዘ «አትታገል! አትታገል!» ይላል። እሳቸው በአማርኛ «ልጄ፣ ትከሻዬ ስብራት አለው፤ ወደዚያ አይዞርም፣ ቀስ በል» ይላሉ። ሦስት ጊዜ አሉት። ከቪዲዮው ጋር የመጣውን ጽሑፍ ስገልጥ የፖሊሱ ቃል አንድም ሳይቀር ሰፍሯል። በእሳቸው ቃል ቦታ ግን «በውጭ ቋንቋ ይናገራል» ይላል፤ ሦስቱም ቦታ ላይ። ምን እንደሚል ነገርኳቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው «እኔ እኮ ለምኜዋለሁ» አሉኝ።

ፖሊሱ አማርኛ አያውቅም፣ ምን ያድርግ የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን ከ1989 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የአሜሪካ ፍርድ ቤት የፖሊስን ኃይል የሚመዝነው ቦታው ላይ የቆመ አስተዋይ ፖሊስ ባየውና በሰማው ነው። ሰውየው ታግሏል ወይስ አልታገለም የሚለውም አንዱ ጥያቄ ነው። የስቃይ ድምፅ ትርጉም አያሻውም። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ዳኛ ግን የሚያገኘው «አትታገል» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ውስጥ ያለው አማርኛ ብቃቱ በተረጋገጠ ሰው ቃል በቃል ይተርጎምልኝ ብላችሁ ጠበቃችሁን ያዙት።

ከመጀመሪያው እዩት። ብዙዎቹ ካሜራዎች ፖሊሱ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የነበረውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ያለ ድምፅ ቀርጸው ያስቀምጣሉ። ባልቲሞር ውስጥ በ2017 ይፋ በወጣ ቪዲዮ አንድ ፖሊስ የዕፅ ከረጢት ደብቆ ሲወጣ፣ ከዚያ ካሜራውን ከፍቶ ፈልጎ እንዳገኘ ሆኖ ሲያወጣው ታይቷል። ያጋለጠው ያ ድምፅ አልባ ግማሽ ደቂቃ ነው። በማግስቱ ዓመት ጥፋተኛ ተባለ። እናም ተቆርጦ የተሰጣችሁን አትቀበሉ፤ ሙሉውን፣ ቦታው ላይ የነበሩትን ፖሊሶች ሁሉ ቅጂ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ደፍሬ ልናገር። አፍ ዳገት አይፈራም፤ በንዴት አንዱን ቡጢ አሥር እናደርገዋለን። በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፖሊስ መኪና ካሜራ በተቀረጸ ጉዳይ ላይ፣ ቪዲዮው የከሳሹን ታሪክ በግልጽ ካፈረሰው ዳኛው ታሪኩን መቀበል የለበትም ብሏል። ያላስታወሳችሁትን አላስታውስም በሉ። እውነተኛ በደል ይዞ መጥቶ በአንድ የተጋነነ ቃል የተሸነፈ ሰው አይቼ አልቅሻለሁ።

ጊዜው አይጠብቃችሁም። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ለምርመራ ወይም ለክስ ያልተያዘ ቅጂ የሚቆየው 90 ቀን ነው። በከተማዋ ሕግ ያለአግባብ ታሰርኩ ብሎ ለመክሰስ ያላችሁ አንድ ዓመት ነው፤ ከተማዋን ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለባችሁ። የፌዴራሉ የሲቪል መብት ክስ ጊዜው ሰፋ ይላል። ያ ሕግ በ1871 የወጣው ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ከጥቃት ለመከላከል ነው፤ ዛሬ እኛም የምንቆመው እነሱ በደማቸው ባስገኙት መሬት ላይ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፤ እዚያ የምትኖሩ ጠበቃ ሳትጠይቁ አትደሩ።

በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ቅጂው እንዳይጠፋ የሚጠይቅ የደብዳቤ ናሙና በእንግሊዝኛና በአማርኛ አስቀምጫለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የፖሊሱን የደረት ቁጥር ሙሉበት። መሙላት ያስቸገራችሁ ከዚህ አልሄድም፣ አብረን እንጽፋለን።