አበል ሲቀር ማን ይመጣል?

የተከበራችሁ የሰፈር ውይይት ማኅበራችን አባላት፣ ሼኾቻችን፣ ቄሶቻችን፣ የቅሬ (የእድር) መሪዎች፣ እንግዶቻችን፤ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ድረስ የመጣችሁ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል። ደሴ ላይ ሆኖ ማርፈድና ከወልዲያ ተነስቶ በሰዓቱ መድረስ አንድ አይደለም። አዳራሹን በነጻ ለፈቀደልን ትምህርት ቤትና ቡና እያፈሉልን ላሉት እናቶችም ምስጋናችን ይድረሳቸው። የቀረውን ጸሐፊያችን ያነበዋል።

የሠራነውንም በአጭሩ ልበል። ከክረምቱ በስተቀር በየወሩ በየሰፈሩ ተወያይተናል። አዳዲስ አወያዮች አሠልጥነናል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ በዚህ ኮርቻለሁ። ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ጉሊት ቦታ፣ ስለ ጎርፍ ቦይ ተነጋግረናል። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ዓመት ነው።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አበል።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፕሮጀክት እያለን ለተሳታፊ “የትራንስፖርት” እየተባለ ትንሽ ብር ይሰጥ ነበር። ያኔ ወንበር ከጎረቤት እንዋስ ነበር። ፕሮጀክቱ አለቀ። ቀጥሎ ለጠራነው ውይይት የመጣው ሰው አንድ ሰሌን ላይ በቃ። አንድ ነባር አባላችን ደውሎ ያለኝን ልንገራችሁ። “ሊቀመንበር፣ የዛሬው የሙሉ ቀን ነው የግማሽ ቀን?” አለኝ። ርዕሱን አልጠየቀኝም። ውሃ ይሁን ቆሻሻ ጉዳዩ አልነበረም። “የባዶ ቀን ነው” አልኩት። አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አስፈጻሚው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከአባላት መዋጮ አበል ይከፈል አለ። ግማሹ እንዴት ተደርጎ አለ። መዋጮውን ራሱ የከፈለው ከአባላቱ ግማሽ አይሞላም፤ ሂሳብ ሹሟ በኋላ ታሳያችኋለች፣ አትደንግጡ። ስለ መደማመጥ ሌላውን የምናሠለጥን ሰዎች እርስ በርስ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰን ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ይኸው አበል የሚጠይቀው ሰው ቅሬ ሲጠራ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ሐዘንተኛ ጋ ሲቀመጥ ይውላል። የሞተው እስላም ነው ክርስቲያን ብሎ አይጠይቅም። አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ፣ ዱአ ተደርጎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ይዋላል፤ ይታደራልም። ራያ ቆቦ ላይ የዘወልድ ሽማግሌዎችም እንደዚያው ናቸው። አቴንዳንስ የሚያስፈርም አይቶ የሚያውቅ አለ? ስለዚህ “የእኛ ሰው ያለ ገንዘብ አይሰበሰብም” የሚለውን አልቀበልም። ሐሰት ነው።

ታዲያ የእኛን ለምን ሸሸው? እኔ እንደሚመስለኝ ስብሰባ የሚባለው ነገር አስመርሮት ነው። አዳራሽ ይገባል። ረጅም ሪፖርት ይነበብለታል። ሰዓት ካለቀ በኋላ “አስተያየት ካላችሁ” ይባላል። ሁለት ሰው ያመሰግናል፣ አንዱ ያማርራል፣ “አቅጣጫ ተቀምጧል” ተብሎ ይጨበጨባል። አበሉ የመሰልቸት ካሳ ነበር። እኛም ስንጠራው የሚመስለው ያው ነው። በዚህ ልወቅሰው አልችልም።

ጉባኤ ተብሎ በትእዛዝ ማለቅ ለወሎ አዲስ አይደለም። እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ጠርተው ነበር። ክርክር ነበረ፣ ሊቃውንት ተናግረዋል። የጉባኤው መጨረሻ ግን የንጉሥ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የሆነውን፣ ሃይማኖታቸውን በግድ እንዲለውጡ መደረጉን፣ ሽማግሌዎቻችሁ ነግረዋችኋል።

እኛ የምንሞክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ለማያውቁት እንግዶች በጎርፍ ቦዩ ላስረዳ። ጦሳ ተራራ ሥር እንዳለ ሰፈር ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ግቢ ይገባል፤ ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኗልና። ሰው ስምንት ስምንት ሆኖ ተቀመጠ። ለየቡድኑ አንድ አወያይ አለች፤ የራሷን ሐሳብ አትናገርም። ወረቀቱ ላይ ሦስት መንገድ ተጽፏል። ከተማው ቦዩን ያስፋ፤ ነዋሪው በተራ ይጥረግ፤ ቆሻሻ የሚጥል ይቀጣ። ለእያንዳንዱ ምን ያስከፍለናል፣ ማንን ይጎዳል ተብሎ ይጠየቃል።

መጀመሪያ ሁሉም መንግሥትን መውቀስ ጀመረ። ወቀሳውም እውነት አለው። ከዚያ ከዳር የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ “ቆሻሻውን የሚጥሉት እነዚያ ባለጋሪ ልጆች ናቸው። ባለጋሪዎቹን ብር ሰጥቶ የሚልካቸው ማን ነው? እኔ ነኝ። የት እንደሚደፉት ጠይቄ አላውቅም” አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ንግግር የተጀመረው። ባለጋሪዎቹ ተጠርተው መጡ። መደፊያው ሩቅ ነው፣ በምንከፍላቸው ሒሳብ ደርሰው አይመለሱም። ይህን ከመካከላችን ማንም አያውቅም ነበር! ክፍያው ትንሽ ከፍ እንዲል፣ ቦዩም በተራ እንዲጠረግ ተስማማን። እነዚያ እናት ከተናገሩ በኋላ ስለ አበል ያነሳ ሰው አልነበረም።

ወንዶች ብቻ በሚቀመጡበት ሽምግልና ግን እኒህ ሴትዮ አይናገሩም ነበር። ስለ አበጋር ሳወድስ ይህን አልረሳሁም። ከእሱ ዱአውን፣ ትዕግሥቱን፣ ሰው እስኪጨርስ መስማቱን እንውሰድ። ሴቱንና ወጣቱን ጓዳ ማስቀመጡን እንተው።

ወደ ቦዩ ልመለስ፤ እኛ የማንችለው ቀሪው ግማሽ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ቀረበ። ቦዩ ሁለት ቦታ ጠቧል፣ እሱን አካፋ አይፈታውም። “ደርሶናል” የሚል ማኅተም ተመታበት። እስካሁን መልስ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጋ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። እኛ እንኳን ሳንጠየቅ ሰጥተናል። ሰው ተናግሮ መልስ ካጣ ሁለተኛ አይመጣም፤ አበል ብትጨምርለትም።

አንዳንዶቻችሁ “አገራዊ ምክክር ኮሚሽን እያለ እኛ ምን ቤት ነን?” ትላላችሁ። አዋጁ የወጣው ታኅሣሥ 2014 ነው፤ አገራዊውን ጉዳይ እነሱ ይያዙት። የሰፈራችን ቦይ ግን ኮሚሽን አይጠብቅም፣ ክረምቱም አይጠብቅም።

አበል ይከፈል ካሉት ወገን ወጣቱ አባላችን ያነሳውን ነጥብ ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ደግ አይሆንም። “የቀን ሠራተኛው እኛ ጋ ሲውል ራት አጣ ማለት ነው” አለ። ልክ ነው። አየርላንዶች 99 ዜጎች በዕጣ መሰል ዘዴ መርጠው ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሲያወያዩ ወጪያቸውን ሸፈኑ እንጂ የቀን ደመወዝ አልከፈሉም፤ ነገር ግን አየርላንድና የደሴው ሸዋ በር አንድ አይደሉም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቀኑን ሲያጣ እንጀራውን የሚያጣ ሰው ይካካስለት። የወር ደመወዝተኛው፣ ነጋዴው፣ እኔም ጭምር፣ ምንም አንውሰድ። አልስማማም የሚል ካለ ዛሬ ይናገር፤ ቡና ቤት ሄዶ አይደለም።

በመጨረሻ ዛሬ ላልመጣችሁት። ይህ ንግግር በስልክ እየተቀዳ ስለሆነ ትሰሙታላችሁ። ከፊት ያሉት ሁለት መስመሮች የእናንተ ነበሩ። ፕሮጀክቱ እያለ እዚያ ተቀምጣችሁ ስለ ተሳትፎ ረጅም ንግግር ያደረጋችሁ ሰዎች፣ መዋጮ እንኳ ቢቀር ድምፃችሁ ናፍቆናል። አንዳንዶቻችሁ ከዚህ አዳራሽ በእግር አምስት ደቂቃ ነው ቤታችሁ። የሐይቆቹ ሌሊት ተነስተው መጥተዋል።

አሁን ወደ ሥራ። የአበሉ ጉዳይ ሦስተኛ አጀንዳ ነው። እጅ ከማውጣታችን በፊት በቡድን እንነጋገርበታለን። ከወዳጃችሁ ጋር አትቀመጡ፤ ዓመቱን ሙሉ ካኮረፋችሁት ሰው ጋር ተቀመጡ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ አውቃለሁ። ሂሳብ ሹም፣ መድረኩ የአንቺ ነው።